ባለ ሁለት ማማው የኦስሎ ማዘጋጃ ቤት

ኅዳር 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ ሥነ ሥርዓቱን በቴሌቪዥን የተከታተለ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አንድ ሰፊ አዳራሽ አይቷል፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳዎቹ በግዙፍ ሥዕሎች የተሞሉ። ካሜራው ሰዎቹን ማሳየት ነበረበትና ሥዕሎቹ ላይ አልቆየም፤ እኛም ቦታውን «የኖቤል አዳራሽ» ብለን አለፍነው። ሕንጻው ግን የኖቤል ተቋም ንብረት አይደለም፤ ቤተ መንግሥትም ፓርላማም አይደለም። የኦስሎ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነው። ሽልማቱ በዓመት አንድ ቀን በእንግድነት ይገባበታል፤ በቀሩት ቀናት የከተማዋ ምክር ቤት ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ትራም መስመር፣ ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ይከራከርበታል፤ ጎብኚም ገብቶ ይዘዋወርበታል። ይህን ቤት ለአማርኛ አንባቢ ማስተዋወቅ ያስፈለገው ክብሩ ከሽልማቱ የመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ስለሆኑ ነው። ሽልማቱ ወደዚህ አዳራሽ የገባው ሕንጻው ተመርቆ 40 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ክብሩን ያገኘው ከዚያ አስቀድሞ፣ ከተማዋ በግድግዳዎቹ ላይ ማንን እንደምታስቀምጥ በወሰነችው ውሳኔ ነው፤ የሰላም ሽልማቱ ከዚያ ክብር ተበድሯል ማለት ይቻላል።

ኦስሎ ፊዮርድ በሚባል፣ ወደ የብስ ጠልቆ በገባ የባሕር ክንድ ጫፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ማዘጋጃ ቤቱም የቆመው ልክ ውኃው ከከተማዋ ጋር በሚገናኝበት ዳርቻ ነው። በጀልባ ለሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚታዩት ሁለቱ አራት ማዕዘን ማማዎች ናቸው። ምሥራቃዊው 66 ሜትር፣ ምዕራባዊው 63 ሜትር ይረዝማሉ። በማማዎቹ ውስጥ ያሉት ቢሮዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ዝቅ ብሎ ያለው ክፍል ታላቁን አዳራሽና የምክር ቤቱን ጉባኤ ክፍል ይዟል። አጥንቱ ኮንክሪት ሲሆን ልብሱ ቀይ ጡብ ነው፤ ጡቦቹም ከተለመደው ተለቅ ያሉ፣ የመካከለኛው ዘመን ገዳማትና ካቴድራሎች የተገነቡባቸውን የሚያስታውሱ ናቸው። በምሥራቃዊው ማማ ላይ 49 ደወሎች ተሰቅለው በየሰዓቱ ዜማ ያሰማሉ። ዋናው መግቢያ ያለው በሰሜን በኩል፣ በፍሪድቾፍ ናንሰን ስም በተሰየመው አደባባይ አቅጣጫ ነው። ናንሰን የዋልታ አሳሽ፣ በኋላም የስደተኞች ጠበቃ የነበረና በ1922 የሰላም ሽልማቱን የተቀበለ ኖርዌጂያዊ ነው። (ከዚህ በኋላ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ዳርቻ ፒፐርቪካ ይባል ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ትናንሽ የእንጨት ቤቶች የተፋፈጉበት፣ የቀን ሠራተኛና መርከበኛ የሚኖርበት፣ ስሙ በድህነትና በሴተኛ አዳሪነት የሚነሣ ሠፈር ነበር። ኖርዌይ በ1905 ከስዊድን ጋር የነበራትን ኅብረት አፍርሳ ራሷን ስትችል፣ የዋና ከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ገና ለነጻ አገር መዲና የሚመጥን ቤት አልነበረውም። የከተማዋ ከንቲባ የነበሩት ሂየሮኒመስ ሄየርዳል በ1915 ሠፈሩ ተነሥቶ በምትኩ አዲስ ማዘጋጃ ቤት እንዲሠራ ሐሳብ አቀረቡ። ከንድፍ ውድድሩ በኋላ በ1918 ያሸነፉት አርንስታይን አርኔበርግና ማግኑስ ፖልሶን የተባሉ አርኪቴክቶች ነበሩ። ሥራው ግን ወዲያው አልተጀመረም። ገንዘብ ጠፋ፣ ዘመን ተለወጠ፣ ንድፉም በተደጋጋሚ ተከለሰ፤ በ1925 የከተማዋ ስም ራሱ ከክሪስቲያኒያ ወደ ጥንታዊው ኦስሎ ተመለሰ። የመሠረት ድንጋዩ በ1931 ተጣለ፤ ሕንጻው በአመዛኙ ቆሞ የውስጥ ሥራው ሳያልቅ በኤፕሪል 1940 ናዚ ጀርመን አገሪቱን ወረረች። ምረቃው የተካሄደው በሜይ 15 ቀን 1950፣ ከተማዋ 900ኛ ዓመቷን ስታከብር ነው። ሐሳቡ ከተወለደ ሕንጻው እስኪመረቅ 35 ዓመት አለፈ።

አንድ የሕዝብ ሕንጻ 35 ዓመት ሲፈጅ የብቃት ማነስ ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። በዚህ ቤት ጉዳይ ግን መዘግየቱ የጎዳውን ያህል ጠቅሟል፤ ማስረጃውም ሕንጻው ላይ ይታያል። የ1918ቱ ንድፍ የአገር ፍቅር ስሜት ባየለበት ዘመን የተሣለ፣ የጥንት ግንብ የሚያስመስል፣ በጌጥ የበዛ ነበር። በዚያው መልክ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ በ1923 የተመረቀው የስቶክሆልም ማዘጋጃ ቤት ታናሽ ወንድም ሆኖ ይቀር ነበር፤ እሱም ቀይ ጡብ ነው፣ እሱም ውኃ ዳር ነው፣ እሱም በየዓመቱ የኖቤል የእራት ግብዣ ይስተናገድበታል። በ1920ዎቹ ማብቂያ ሕንጻ ከጌጡ ይልቅ አገልግሎቱን ይምሰል የሚለው አስተሳሰብ ስካንዲኔቪያ ሲደርስ ሁለቱ አርኪቴክቶች ወረቀታቸውን ደጋግመው ቀደዱ። ያገኙት መልስ ሁለቱን ዘመናት ያስታረቀ ነው፤ ቁመናው የዘመናዊ ቢሮ፣ ቆዳው የጥንት ጡብ፣ በግድግዳው ላይ የተሰካው ቅርጻ ቅርጽ ደግሞ አፈ ታሪክና የዕለት ኑሮ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ሕንጻው በ1940 አልቆ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ያለው የአምስት ዓመት የወረራ ታሪክ አይኖርም ነበር፤ ቤቱም ያለፈበትን መከራ የማይናገር ቤት ይሆን ነበር።

ከውጭ እንጀምር። በደቡብ በኩል፣ ፊት ለባሕር፣ ስድስት የነሐስ ሰዎች በድንጋይ መቆሚያ ላይ ቆመዋል። ንጉሥ የለባቸውም፤ የጦር መሪም ገጣሚም የለባቸውም። የሕንጻ ሠራተኞች ናቸው፤ ቀራጺው ፐር ፓሌ ስቶርም ግንበኛውንና ድንጋይ ጠራቢውን ከእነ ሥራ ልብሳቸውና መሣሪያቸው አቁሟቸዋል። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የሚያስተውለው ቀራጺው ጀግና ሊያደርጋቸው አለመሞከሩን ነው። ክንዳቸውን ወደ ሰማይ አልሰቀሉም፤ ሩቅ አድማስ አያማትሩም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በሥራው ላይ ሲሆን የሚኖረው ዓይነት አቋም ነው ያላቸው፤ ክብደታቸው እግራቸው ላይ፣ ሐሳባቸው እጃቸው ላይ። በዓለም ብዙ ከተሞች የሕንጻውን ባለቤትና አርኪቴክት ስም የያዘ እብነ በረድ አለ። ጡቡን የደረደረውን ሰው በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ያቆመ ከተማ ግን ብዙ አይገኝም። ከተማዋን መሠረተ የሚባለው ንጉሥ ሃራልድ ሃርድሮደም ቢሆን አልተረሳም፤ አነ ግሪምዳለን የተባለች ሴት ቀራጺ የሠራችው ባለ ፈረስ ምስሉ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ አለ። ሆኖም ንጉሡ በጎን ነው፤ ሠራተኞቹ በፊት ናቸው። ይህን አቀማመጥ እንደ አጋጣሚ ማየት ይከብዳል።

ከሠራተኞቹ በላይ፣ በዚያው በባሕሩ በኩል ግድግዳ ላይ፣ የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ ሃልቫርድ ቆሟል። ገድል እየሰማ ላደገ የአማርኛ አንባቢ ታሪኩ እንግዳ አይሆንበትም። በ11ኛው መቶ ዘመን የኖረ ወጣት ነው። በጀልባው ሊሻገር ሲል ነፍሰ ጡር ሴት ሮጣ መጥታ አድነኝ አለችው፤ በሌብነት የከሰሷት ሦስት ሰዎች ከኋላዋ ነበሩ። ጀልባው ላይ አሳፈራት። ሰዎቹ አሳልፈህ ስጠን ሲሉት ሴትዮዋ በደሌ የለም ብላለች፤ ጠፋ የምትሉትን ዋጋ እኔ እከፍላለሁ አላቸው። አልሰሙትም፤ በፍላጻ ገደሉት፤ እሷንም ደብድበው ገደሏት። የእሱን አስከሬን በአንገቱ የወፍጮ ድንጋይ አስረው ባሕር ውስጥ ጣሉት፤ ድንጋዩን እንደታሰረ ግን ተንሳፈፈ ይላል ገድሉ። ሞተ የሚባለው በ1043 ነው፤ በዓሉም ሜይ 15 ይውላል። ማዘጋጃ ቤቱ የተመረቀበትን ቀን መለስ ብሎ የሚያስታውስ አንባቢ ቀኑ ለምን እንደተመረጠ ይገባዋል። በከተማዋ ማኅተም ላይ ሃልቫርድ በአንድ እጁ የወፍጮውን ድንጋይ፣ በሌላው ሦስቱን ፍላጻዎች ይዞ ይታያል፤ ከእግሩ ሥር ሴትዮዋ አለች። ስለዚህ በኦስሎ ማኅተም ላይ የተከሰሰችና ምስክር ያጣች አንዲት ድሃ ሴት አለች። አስተዳደር ለማን እንደቆመ ለማስታወስ ከዚህ የተሻለ ማኅተም አላውቅም።

በሰሜኑ ግቢ በሁለቱም ወገን ባለው መተላለፊያ ዳግፊን ቬረንሺዮልድ የቀረጻቸው 16 የእንጨት ሥራዎች ተደርድረዋል። ከክርስትና በፊት የነበረውን የሰሜን ሕዝብ አፈ ታሪክ ይተርካሉ፤ ስምንት እግር ያለው የአምላካቸው የኦዲን ፈረስ አለበት፣ የሰውን ዕጣ የሚፈትሉት ሦስት ሴቶች አሉበት። ቀለማቸው ደማቅ፣ መስመራቸው ለልጅ የሚገባ ነው። ከእነሱ አልፎ የሚገባው ሰው ወዲያው በታላቁ አዳራሽ ውስጥ ራሱን ያገኘዋል፤ ከወለሉ እስከ ጣሪያው 20 ሜትር ገደማ ነው። አንዱን ወገን ሙሉ በሙሉ የያዘው የሄንሪክ ሶረንሰን ሥዕል ሥራን፣ አስተዳደርንና በዓልን ያሳያል፤ በአውሮፓ ካሉት ታላላቅ የዘይት ቀለም ሥዕሎች አንዱ ነው። እውነቱን ለመናገር ግዝፈቱ ያስደንቃል እንጂ ልብ አያስርም። ልብ የሚያስረው የአልፍ ሮልፍሰን ሥራ ነው።

ሮልፍሰን በእርጥብ ልስን ላይ፣ ፍሬስኮ በሚባለው ዘዴ፣ በምሥራቁ ግድግዳ የሣለው ከኤፕሪል 9 ቀን 1940 እስከ ሜይ 8 ቀን 1945 ያለውን የወረራ ዘመን ነው። ትረካው እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነበባል። አውሮፕላን ቤት ያፈርሳል፤ ሰው ልጁንና ጓዙን ይዞ ይሸሻል፤ ሰዎች በጉድጓድ ውኃ ዙሪያ ተሰብስበው በድብቅ ወሬ ይቀባበላሉ፤ ወታደር በር ገንጥሎ ይገባል፤ ታሳሪ አለ፤ የተገደለ አለ፤ በመጨረሻ ባንዲራ ይወጣል። የድል አድራጊ ጄኔራል ፊት ስትፈልግ አታገኝም። በነጻነቱ ቀን ላይም ያሉት እነዚያው ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ናቸው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ወይም የጣና ገዳማትን ያየ ሰው ግድግዳን እንደ መጽሐፍ ማንበብ አይቸግረውም፤ እንዲያውም ይህን አዳራሽ ከብዙ አውሮፓዊ ጎብኚ በተሻለ ሊያነበው ይችላል ብዬ አምናለሁ። ፎቅ ላይ በሌላ ክፍል የፐር ክሮግ ፍሬስኮ ከተማዋንና አካባቢዋን ይዟል። ክሮግ በወረራው ዘመን ራሱ የታሰረ ሠዓሊ ነው። አንባቢ ሳያውቀው ሌላ ሥራውን አይቷል፤ በኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ሲሰበሰብ ከፕሬዚዳንቱ ወንበር ኋላ የሚታየው ትልቁ ሥዕል የእሱ ነው። ያንን ክፍል የነደፈው ደግሞ የዚህ ማዘጋጃ ቤት አርኪቴክት አርኔበርግ ነው፤ የኖርዌይ ስጦታ ነበር። ኢትዮጵያ በምክር ቤቱ ተለዋጭ አባል ሆና በተቀመጠችባቸው ዘመናት ወኪሎቻችን የተከራከሩት የኦስሎ ማዘጋጃ ቤትን በሠሩት እጆች በተሠራ ክፍል ውስጥ ነው። የኖርዌጂያዊው ሠዓሊ የኤድቫርድ ሙንክ «ሕይወት» የተባለ ሥዕልም እዚሁ ሕንጻ ውስጥ የራሱ ክፍል ተሰጥቶታል። ሥዕሉ በጀርመን በድሬስደን ሙዚየም ነበር፤ ናዚዎች የዘመኑን ሥነ ጥበብ «የዘቀጠ» ብለው ከሙዚየሞቻቸው ሲያወጡ ወደ ኖርዌይ ተመለሰ። በዚያ ክፍል ሙሽሮች ተጋብተውበታል።

በዚህ ሕንጻ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላሎችም አይደሉም። የመጀመሪያው ያስጠላል የሚል ነው። ኖርዌጂያውያን ከፍየል ወተት አጓት ረጅም ሰዓት ተቀቅሎ የሚሠራ፣ በአራት ማዕዘን የሚሸጥ ቡናማ አይብ አላቸው፤ ሁለቱን ማማዎችም በዚሁ አይብ ስም ሲጠሯቸው ኖረዋል። ስለ ውበት መሟገት አድካሚ ነው፤ ይሁንና አንድ ፍሬ ነገር ልጥቀስ። በ2005 የኦስሎ ነዋሪዎች የምዕተ ዓመቱን ሕንጻ እንዲመርጡ ሲጠየቁ የመረጡት ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል። በ1930ዎቹ ግዙፍ ግድግዳ፣ የሠራተኛ ሐውልትና የሕዝብ ሥዕል የወደዱት ዴሞክራቶች ብቻ አልነበሩም፤ ሮምም በርሊንም ሞስኮም ወደዋቸዋል። ታዲያ ይህ ቤት ከእነዚያ በምን ይለያል? ልዩነቱ በመጠን ወይም በአሣሣል ላይ እንደማይገኝ እቀበላለሁ። የሚገኘው ሁለት ቦታ ላይ ነው። በግድግዳዎቹ ላይ በሕይወት ያለ መሪ አይመለክም፤ ከሥዕሎቹ ሥር ደግሞ ምክር ቤት ይሰበሰባል። የኦስሎ ምክር ቤት በየአራት ዓመቱ የሚመረጡ 59 አባላት አሉት፤ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። ሠራተኛውን በሐውልት እያከበሩ ድምፁን የነፈጉ መንግሥታት ነበሩ፤ ሐውልቱን ውሸት የሚያደርገው ያ ነው። እዚህ ሐውልቱና የምርጫ ካርዱ አብረው አሉ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ለእኛ በተለይ የቀረበ ነው፤ ስለ ድሃ የሚናገር ቤት የተሠራው ድሃ ተነሥቶ ነው። እውነት ነው። የፒፐርቪካ ቤቶች ፈርሰዋል፤ በአንድ ሠፈር ተደጋግፎ ይኖር የነበረ ሰው ተበትኗል። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ሲፈርሱ ያየ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲሰማ የሚሰማውን አስረድቼ አልጨርሰውም። የኦስሎ ማዘጋጃ ቤት ውበት ያን ኪሳራ ያካክሳል የሚል ክርክር አላቀርብም፤ የጡብ ሕንጻ የጉርብትና ዋጋ አይሆንም። ሊባል የሚችለው፣ ከተማዋ ያደረገችውን አልሸሸገችም ነው። የፐር ክሮግ አባት ሠዓሊው ክርስቲያን ክሮግ በ1886 «አልበርቲን» የተባለ ልብ ወለድ አሳትሞ ነበር፤ ወደ ሴተኛ አዳሪነት የተገፋች ድሃ ልብስ ሰፊ ታሪክ ነው። ፖሊስ መጽሐፉን ወረሰው። ማዘጋጃ ቤቱ ሲሠራ ግን አልበርቲን ራሷ በአልፍሬድ ሴላንድ እጅ በድንጋይ ተቀርጻ ከሕንጻው ሐውልቶች አንዷ ሆነች። መጽሐፏ የተወረሰባት ከተማ ከ60 ዓመት በኋላ ሴትዮዋን በማዘጋጃ ቤቷ ላይ አቆመቻት። ይህ ለተነሺዎቹ ካሣ አይሆናቸውም፤ ነገር ግን እዚህ ማን ይኖር እንደነበር ለሚጠይቅ ልጅ መልስ ይሆናል። የፈረሰ ሠፈር ሁለት ጊዜ ይጠፋል፤ አንዴ ከመሬት፣ አንዴ ከወሬ። ኦስሎ የመጀመሪያውን አላዳነችም፣ ሁለተኛውን አዳነች። በእኛ ከተማ ሁለተኛውን ለማዳን አሁንም ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ሽልማቱ እንምጣ። የሰላም ሽልማቱን የሚወስነው የኖርዌይ ፓርላማ የሚሰይመው አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው። ሽልማቱ ከ1901 ጀምሮ በፓርላማው፣ ቀጥሎ በኖቤል ኢንስቲትዩት፣ ከ1947 እስከ 1989 በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ሲሰጥ ቆይቶ በ1990 ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መጣ። ቀኑ ዲሴምበር 10፣ አልፍሬድ ኖቤል የሞተበት ዕለት ነው። በ1993 ኔልሰን ማንዴላና ኤፍ. ደብልዩ. ደ ክለርክ፣ በ2004 ዋንጋሪ ማታይ፣ በ2011 ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ፣ ሌይማ ቦዊና ታዋክል ካርማን፣ በ2018 ዴኒስ ሙክዌጌና ናዲያ ሙራድ እዚህ ቆመዋል። በ2010 ተሸላሚው ሊዩ ሺያቦ በቻይና እስር ቤት ስለነበር ሜዳልያውና ዲፕሎማው በባዶ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያ ወንበር በየትኛውም ሆቴል አዳራሽ ቢቀመጥ መልእክት ይኖረው ነበር፤ የታሳሪዎች ሥዕል ባለበት ግድግዳ አጠገብ ሲቀመጥ ግን ሕንጻው አብሮት ተናገረ። ሽልማቱ ከክፍሉ ተበደረ ያልሁት ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ ዝም ብሎ እንዲያልፍ አልጠብቅም። የ2019ኙ የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ሽልማት በተለይ ከኤርትራ ጋር የነበረውን የድንበር ግጭት ለመፍታት ለተወሰደ እርምጃ የተሰጠ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ በኖቬምበር 2020 በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ተቀሰቀሰ። በጃንዋሪ 2022 የኖቤል ኮሚቴው ራሱ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሰላም ሽልማት ተቀባይ በመሆናቸው ግጭቱን የማስቆም ልዩ ኃላፊነት አለባቸው የሚል መግለጫ አወጣ። በዚህ ምክንያት አዳራሹን ማየት የሚያማቸው ወገኖች አሉ፤ መብታቸው ነው። ሆኖም ቤቱ ዋስ አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ ለሥነ ሥርዓቱ ቦታ ያበድራል፤ ምርጫው የኮሚቴው ነው፤ የሽልማቱ ደንብም የተሰጠን ሽልማት መልሶ መንጠቅ አይፈቅድም። አዳራሹ ውስጥ የሚቀረው ንግግሩ አይደለም፤ የሮልፍሰን ሰዎች ናቸው፤ ጓዛቸውን ይዘው የሚሸሹት፣ በራቸው የሚገነጠለው። ጦርነትን በቅርቡ ያየ ኢትዮጵያዊ እነዚያን ሰዎች ሲያይ የሩቅ አገር ሰዎች አይመስሉትም። ሥዕሉን ሄዶ ማየት ያለበትም ስለዚሁ ነው፤ ተሸላሚ ሁሉ የሚመዘንበት ሚዛን እዚያው ግድግዳ ላይ አለና።

ሕንጻ ብቻውን ከተማ አይሠራም፤ ኦስሎም ይህን የተማረችው ዘግይታ ነው። ለአሥርት ዓመታት በማዘጋጃ ቤቱና በባሕሩ መካከል ከባድ መንገድ ያልፍ ነበር፤ ስድስቱ ሠራተኞች ፊታቸውን ያዞሩት ወደ መኪና ጭስ ነበር። በ1990 የመኪናው መስመር ከመሬት በታች በዋሻ እንዲያልፍ ተደረገ፤ በ1994 በባሕሩ በኩል ያለው አደባባይ ለእግረኛ ተለቀቀ። በ2005 ደግሞ አጠገቡ ያለው አሮጌው የባቡር ጣቢያ የኖቤል የሰላም ማዕከል ሆነ። አዲስ አበባ በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። በቸርችል ጎዳና ራስጌ ያለውን ማዘጋጃ ቤታችንን አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለ ጣሊያናዊ አርኪቴክት ነድፎት በ1965 ተመርቋል፤ የቴአትር አዳራሽ በውስጡ እንዲኖረው መደረጉ ብቻ ማዘጋጃ ቤት ከመዝገብ ቤት በላይ መሆኑን ያሰቡ ሰዎች እንደሠሩት ይመሰክራል። የዚሁ አርኪቴክት ሥራ የሆነው የአፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ይዟል፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 የተመሠረተው በዚያ ነው፤ በ2024 ታድሶ ተመርቋል። በጥበብ ከኦስሎው አያንሱም። የሚያንሱት በበሩ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ማዘጋጃ ቤቱን የሚያውቀው ጉዳይ ኖሮት ወረፋ ሲይዝ ነው፤ ሊያየው ብቻ መግባት የሚችልበት ቀን ሊኖረው ይገባል። የጸጥታ ችግር ይነሣል፤ የቢሮ ሥራ ይታወካል ይባላል። ኦስሎም ቢሮ አላት፤ በ2011 በመንግሥት ሕንጻዎቿ ላይ ቦምብ የፈነዳባት ከተማ ናትና ጸጥታም ያሳስባታል። በሩን ግን አልዘጋችም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም በወር አንድ ቀን እንኳ ለትምህርት ቤት ልጆች ቢከፍተው የሚያጣው ነገር የለም።

ኦስሎ የምትኖሩ፣ ወይም በዚያ በኩል የምታልፉ፣ ግማሽ ቀን ያዙለት። ከባሕሩ በኩል ጀምሩ፤ ስድስቱን ሠራተኞች በቅርብ እዩና ቀና ብላችሁ ሃልቫርድን ፈልጉት። ከዚያ ሕንጻውን ዞራችሁ በሰሜኑ ግቢ ግቡ። አዳራሹ ውስጥ ዓይናችሁ መጀመሪያ ወደ ትልቁ ሥዕል ይሄዳል፤ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ መልሱት፣ ከጫፍ ጀምራችሁም ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ልጆች ካሉ አብረው ይምጡ፤ ከእነሱ ጋር ስለ አገራቸው ለመነጋገር የተሻለ ቦታ ብዙ የለም። በዲሴምበር 10 ሰሞንና ሌላ ዝግጅት ሲኖር አዳራሹ ለጎብኚ ስለሚዘጋ አስቀድሞ ማጣራት ይበጃል። መግቢያው ነጻ ነው።